በድሬዳዋ ሙቀት ነጭ ቀለም፦ የሺንካይ 6500 ሞዴል የውይይት ክርና የተሰጡት መልሶች

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረክ ላይ ያለውን የውይይት ሰንሰለት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሃያ ሦስት መልሶች ተከታትለውበታል። ብዙዎቹ አንዱ የሌላውን ቁጥር እየጠራ የሚሞግትባቸው ስለሆኑ፣ ዘግይቶ የገባ አንባቢ ላይና ታች እንዳይል የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር አቀርባለሁ። የተሳሳትኩትንም አልሸሽግም።

በመክፈቻው ጽሑፍ ያልኩት ይህን ነበር። ነዋሪነቴ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። አጎቴ ከጅቡቲ ሲመለስ ከሻንጣው ያወጣልኝ ሰው ይዞ ወደ ጥልቅ ባሕር የሚወርደው የጃፓኑ መርማሪ መርከብ የሺንካይ 6500 ሞዴል ነው፤ ልኬቱ 1/72፣ ማለትም እያንዳንዱ ርዝመቱ ከእውነተኛው በሰባ ሁለት እጅ ያነሰ ነው። ዋናው ዐሥር ሜትር ስለማይሞላ የእኔው ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ሁለቱን የገላ ግማሾች አጣብቄ፣ መጋጠሚያውን በስቱኮ ሞልቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ በረንዳዬ ላይ ሆኜ በስፕሬይ ነጭ ቀባሁት። የመጀመሪያው ስስ ቅብ ሲደርቅ ጣቴን ባሳልፍበት እንደ ብርጭቆ ወረቀቱ ራሱ ሻከረኝ። ተናድጄ ወፍራም ደረብኩበት፤ እሱ ደግሞ ሆዱ ሥር እንደ ሻማ ተንጠባጥቦ ረጋ፤ በሦስተኛው ቀን መጋጠሚያው ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘረጋች። ከዚህ ተነሥቼ በድሬዳዋ ሙቀት ነጭ ቀለም በስስ ቅብ አይሠራም ብዬ ደመደምኩና፣ በአንድ ወፍራም ቅብ መገላገል የተሳካለት ሰው ካለ ዘዴውን እንዲነግረኝ ጠየቅሁ።

መልስ 1 ከሐረር የመጣ ሲሆን በጣም ትሑት ነበር። ጸሐፊው ሰላምታውን አስቀድሞ፣ አስተያየት ከመስጠቱ በፊት ሦስት ነገር እንዲነገረው ጠየቀ፤ ቀለሙ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደቀባሁ፣ ከሥሩስ ምን እንዳለ። ክፍሎቹን ከመቀባቴ በፊት በሳሙና ማጠብ አለማጠቤንም ጨምሮ ጠይቋል፤ ፕላስቲኩ በፋብሪካ ከቅርጽ ማውጫው ላይ እንዳይጣበቅ የሚደረገው ቅባት ካልታጠበ ቀለም አጥብቆ አይዝምና። በመልስ 2 እኔው ተናዘዝኩ። አላጠብኩም፤ የቀባሁት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መነሻ ቅብ፣ የለውም፤ ስቱኮውም ከጋራዥ ጎረቤቴ ለምኜ በቆርኪ ያመጣሁት ነው።

መልስ 3 የክሩ እምብርት ነው። የጻፈው ቀፊራ አካባቢ ዕድሜውን በባትላሜራና በመኪና ቀለም ሥራ ያሳለፈ ሰው ሲሆን፣ ሞዴል በእጁ ነክቶ እንደማያውቅ ከመጀመሪያው ተናግሯል። እንዳስረዳው ከስፕሬዩ አፍ የሚወጣው ቀለም ጤዛ ነው። ጤዛው ዕቃው ላይ ሲያርፍ ገና እርጥብ ከሆነ ጠብታዎቹ እርስ በርስ ተዋሕደው ይለሰልሳሉ፤ አየሩ ሞቃትና ደረቅ ሆኖ ርቀቱም ከበዛ ግን ቲነሩ መንገድ ላይ ስለሚተን፣ ዕቃው ላይ የሚደርሰው የቀለም ዱቄት ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ማወፈር ሳይሆን መቅረብና ሰዓት መምረጥ ነው፤ ከክንድ ርቀት ወደ አንድ ስንዝር መጠጋት፣ እጅን ሳያቆሙ ከዕቃው ውጭ ጀምሮ ከዕቃው ውጭ መጨረስ፣ ይህንንም ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ንጋት፣ ነፋሱ ሳይነሣና የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ሳይነቃ ማከናወን። ስፕሬዩ ሲረጭ ራሱን ስለሚያቀዘቅዝና ግፊቱ ስለሚዳከም፣ በየመሐሉ አርፎ ደኅና አድርጎ መናጥ እንደሚገባም ጨምሯል።

ስንጥቁን በሚመለከት ግን ሙቀቱን ነጻ አወጣው። ስቱኮ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ማጠንከሪያ ተቀላቅሎበት በራሱ ኬሚካል የሚጠነክር፣ ሌላው ከቆርቆሮው እንደወጣ ተቀብቶ ሟሟው እየተነነ የሚደርቅ። ይህ ሁለተኛው ሲደርቅ ይሰበሰባል። እኔ መጋጠሚያውን በአንድ ጊዜ ሞልቼ በማግሥቱ አሸሁት፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ገና እርጥብ ነበር። በላዩ ወፍራም ቀለም ስደርብበት ቀለሙ ላይኛውን ልባስ ቶሎ አደረቀ፤ ከሥር ያለው ስቱኮ ግን መሰብሰቡን ቀጠለ፤ በዚህ ጊዜ የሚሰነጠቀው ላይኛው ነው። ሰውዬው እንዲህ ያለ ሥራ በመኪና ላይ ቢሠራ ባለመኪናው ገንዘቡን አስመልሶ ይሄድ እንደነበር ሳይጠቅስ አላለፈም። አነጋገሩ ቆንጠጥ ያደርጋል፤ ነገር ግን ሁለት ጊዜ ባነበው አንድም የሚታረም ነገር አላገኘሁበትም።

መልስ 4 ከአዲስ አበባ ሲሆን፣ የመኪና ቀለም ቤቶች የሚጠቀሙበት ኃይለኛ ቲነር የሞዴል ፕላስቲክን፣ ማለትም ፖሊስታይሪንን፣ እንደሚያቀልጥ አስጠነቀቀ። ራሱ አንድ ጊዜ የአውሮፕላን ክንፍ በእንዲህ ያለው ቲነር ሊያጸዳ ሞክሮ እንደታኘከ ማስቲካ አድርጎት ቀርቷል። ክፍሎቹ ተያይዘው ከሚመጡበት ፍሬም የሚተርፈው ቁራጭ ሳይጣል ማንኛውም ቀለምና ቲነር አስቀድሞ በእሱ ላይ ቢሞከር ይበጃል ብሏል። እኔም ያን ፍሬም ጥዬው ስለነበር ከቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አወጣሁት።

ከ5 እስከ 7 ያሉት ከቀለም ወጥተው ወደ ሥነ ሥርዓት ሄዱ። አንዱ፣ የመልስ 3 ባለቤት እኔን በማያውቀኝ አፉ አንተ እያለ መጻፉ አስቆጥቶት ይቅርታ እንዲጠይቅ አሳሰበ፤ ሌላው፣ የድሬ ልጅ፣ በዚህ ከተማ አንተ መባል መቅረብ እንጂ መናቅ እንዳልሆነ፣ እንዲያውም አንቱ የተባለ ሰው ምን አድርጌያችሁ ነው ብሎ እንደሚሰጋ አስረዳ። ባለባትላሜራው በመልስ 7 አንዲት መስመር ብቻ ጻፈ፤ ስቱኮውን ፈቅፍቄ ማውጣቴን ነው የጠየቀው። አውጥቼ ነበር።

መልስ 8ን የጻፈችው በሐረር፣ ጁገል ውስጥ ያደገች እኅት ናት፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የወደድኩት የእሷን ነው። በዓል ሲቃረብ የቤታቸውን ግድግዳ ኖራ ሲቀቡ፣ እናቷ ግድግዳውን አስቀድመው በውሃ ያርሱት እንደነበር፣ ኖራውም ወተት እስኪመስል ቀጥኖ የመጀመሪያው ቅብ ምንም ያልተቀባ እስኪመስል ድረስ ስስ ይሆን እንደነበር ትተርካለች። ልጅ ሆና ቶሎ እንዲነጣ ብላ ወፍራሙን ከባልዲው ሥር ዝቃ በቀባችበት ማዕዘን ላይ ኖራው በማግሥቱ እንደ ቅርፊት ተነሥቶ ስለወደቀ፣ ያ ማዕዘን እስከ ቀጣዩ በዓል በስሟ ሲጠራ ከርሟል። ነጭ ቀለም በባሕርዩ ከሥሩ ያለውን ለመሸፈን ይቸገራል፤ የሚሸፍነው በውፍረት ሳይሆን በድርብርብ ነው፤ ሐሳቧ ይህ ነበር። መልስ 9 ንጽጽሩ እንደሚያነክስ ጠቆመ። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ወደ ድንጋይነት ሲመለስ ነው፤ ለዚያም እርጥበት ያስፈልገዋል፤ የስፕሬይ ቀለም ግን የሚደርቀው ሟሟው ሲወጣ ስለሆነ፣ ሞዴሉን በውሃ አርሶ መቀባት ጥፋት ነው። እርማቱ ትክክል ነው፤ እሷም ሞዴሉን አርስ አላለችኝም።

መልስ 10 አባቱ በቀድሞው ባሕር ኃይል ምጽዋ ላይ ያገለገሉ ሰው የጻፈው ነው። አባቱ ከሥራቸው ብዙውን ጊዜ ያሳለፉት ዝገት እየፋቁ ቀለም በመቀባት እንደነበር ጠቅሶ፣ ባሕር ውስጥ የኖረ ነገር ንጹሕ ነጭ ሆኖ ሊታይ ስለማይችል ከየመጋጠሚያው ወደ ታች የሚወርድ የዝገት መስመር በስሱ ልጨምርበት መከረኝ። መልስ 11 ክሩ የሻከረበት ቦታ ነው። ጸሐፊው ሰላም ሳይል ጀመረና፣ ምክሩ ስለ መርከብ እንጂ ስለዚህ ዕቃ ምንም ካለማወቅ የመጣ ነው አለ። የሺንካይ የውጭ ልባስ በቃጫ የተጠናከረ ፕላስቲክ ነው፤ ሰዎቹ የሚቀመጡበት ሉል ደግሞ ቲታኒየም ነው፤ ሁለቱም አይዝጉም። ከዚህም በላይ ከእያንዳንዱ ጥልቀት ጉዞ በኋላ በእናት መርከቡ ላይ ተነሥቶ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ እንደ ጦር መርከብ ዓመት ሙሉ ጨው ውስጥ አይቆምም። ነገሩ እውነት ነው፤ አቀራረቡ ግን የሰው አባት የነካ ነበር። በመልስ 12 የባሕር ኃይሉ ልጅ አባቱ በአሥር ጣታቸው ያወቁትን ሌላው በስልክ መስተዋት እንዳነበበው ገልጾ ወጣ፤ እስካሁንም አልተመለሰም። ዝገቱን አልቀባሁትም። ነገር ግን መፋቅ ከመቀባት እንደሚበልጥ አባቱ ያስተማሩት ነገር ለሥራዬ ጠቅሞኛል፤ ተመልሶ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

መልስ 13 ባሕር የሌለው አገር ሰው ገንዘቡን በጠላቂ መርከብ አሻንጉሊት ላይ ማጥፋቱ ያስቃል የሚል ነበር። መልስ 14 ከሰዓት በኋላ በበርጫ የሚያልፈው ገንዘብ ስንት ሞዴል እንደሚገዛ እንዲያሰላ ጋበዘው። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም፤ ሞዴሉም ስጦታ ነው።

መልስ 15 እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ታይታኒክን ሊያዩ ከወረዱ አምስት ሰዎች ጋር የጠፋውን ታይታንን አነሣና፣ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ሠርቶ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ደስ እንደማይል ጻፈ። ስሜቱን አከብራለሁ፤ ከእሱም የተነሣ ነው መልስ 16 የመጣው፤ የሐረሩ የመጀመሪያ መላሽ ነው የጻፈው። የታይታን አካል ከካርቦን ቃጫ የተሠራ ረዥም በርሜል ሆኖ ሁለቱ ጫፎቹ ብቻ ቲታኒየም ነበሩ። የሺንካይ ሦስት ሰዎች የሚቀመጡት ግን ውስጡ 2 ሜትር ስፋት ባለው ሙሉ የቲታኒየም ሉል ውስጥ ነው፤ ሉል ግፊቱን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚካፈል የተለየ ደካማ ጎን የለውም። 6,500 ሜትር ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚያርፈው ወደ 680 ኪሎ ግራም ነው፤ የአውራ ጣት ጥፍር በምታክል ቦታ ላይ ከአንድ ጎልማሳ በሬ የማያንስ ክብደት ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚችለው ግድግዳ ውፍረቱ 73.5 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ሰውዬው ሒሳቡን ወደ እኔ ሞዴል አወረደው። ሉሉ በ1/72 ሲቀነስ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ግድግዳውም 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህም የኪቱ፣ ማለትም የተገጣጣሚ ሞዴሉ፣ ፕላስቲክ ራሱ ያለው ውፍረት ነው። ካሊፐር ተውሼ ለካሁት፤ በሥጋ ዐይኔ አየሁት። እኔ ግን በመናደድ የደረብኩት ቀለም፣ ከተንጠባጠበበት ሥር፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ደርሶ ነበር። በዋናው ላይ ቢሆን ሁለት ጣት ያህል ውፍረት ያለው የቀለም ቅርፊት ተሸክሞ ነበር ማለት ነው። ከወፍራም ቅብ ሐሳቤ ጋር ሙሉ በሙሉ የተለያየነው እዚህ ላይ ነው።

መልስ 17 ሺንካይ ከሰው ልጅ ሥራ ሁሉ ጥልቁን ነክቷል የሚል ነበር፤ መልስ 18 ወዲያው አረመው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 1960 ዣክ ፒካርድና ዶን ዋልሽ ትሪየስት በተባለች ጠላቂ ወደ 10,900 ሜትር ወርደው በማሪያና ሸለቆ ወለል ላይ አርፈዋል፤ ያቺ ግን ለመንሳፈፊያ ከውሃ የሚቀልል ቤንዚን በትልቅ ታንክ የተሸከመች ከባድ ዕቃ ነበረች። ሺንካይ በቤንዚኑ ፈንታ በሙጫ ውስጥ የተያዙ ባዶ የብርጭቆ ቅንጣቶችን ይጠቀማል። ይኸው መላሽ እኔንም ሳይምር፣ መክፈቻው ላይ ያያዝኩትን ፎቶግራፍ አጉልቶ አይቶ ጅራቱን እንደተሳሳትኩ ነገረኝ። ሺንካይ እ.ኤ.አ. በ2012 ተሻሽሎ፣ ግራና ቀኝ ይዞር የነበረው አንድ ትልቅ የኋላ ፕሮፔለር በሁለት መካከለኛ ፕሮፔለሮች ተተክቷል። የእኔ ኪት የአዲሱ ነው፤ እኔ ግን በ1990ዎቹ የተነሣ ፎቶግራፍ እያየሁ ሁለተኛውን ፕሮፔለር ትርፍ መለዋወጫ መስሎኝ በፖስታ አስቀምጬው ነበር። አሳፋሪ ነው፤ መመሪያው ላይ በሥዕል ተቀምጧል።

መልስ 19 ከቃል ጋር የተያያዘ ነው። ሰርጓጅ መርከብ በራሱ ኃይል ከወደብ ወጥቶ የሚመለስ ስለሆነ፣ በእናት መርከብ ተጭኖ ሄዶ የሚወርደውንና በእሷው ተነሥቶ የሚመለሰውን ጠላቂ ብንለው ይሻላል ይላል። ተቀብዬዋለሁ።

መልስ 20 ነጩ ቀለም ውሎ አድሮ ወደ ቢጫ እንዳይሄድ መከረ። ዘይት ነክ ነጭ ቀለም ጨለማ ውስጥ ሲቆይ ቢጫ ይሆናል፤ ካርቶን ውስጥ ዘግቶ ማቆየት የተሻለ የሚመስለው ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው። መልስ 21 ይህን ሰምቶ ፀሐይ ላይ ማዋል የፈለገ ካለ ከእሱ እንዲማር ጠየቀ። ከዚራ ባለው ቤቱ ጣሪያ ላይ፣ የቀትር ፀሐይ በወቀጠው ቆርቆሮ ላይ የሞዴል መርከብ ለማድረቅ አስቀምጦ ምሳውን በልቶ ሲመለስ፣ ቀበሌው እንደ ሙዝ ጎብጦ ጠበቀው። ቀበሌ ያለው የመርከቡን የታችኛውን አከርካሪ መሆኑን ከሦስተኛው ንባብ በኋላ ነው የገባኝ።

በመልስ 22 የሐረሯ እኅት ተመለሰች። ጽሑፍ የታተመባቸውን በውሃ የሚለቁ ተለጣፊዎች ከማሳረፌ በፊት ውሃውን እንዳስብበት አሳሰበችኝ። የድሬዳዋ ውሃ የኖራ ድንጋይ አቋርጦ ስለሚመጣ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ምን ያህል ነጭ ቅርፊት እንደሚጋግር የማያውቅ የለም፤ ያው ነጭ በተለጣፊው ሥር ሲደርቅ ደመና ይሠራል። ማፍላት ብቻውን ሁሉንም ስለማያስወግድ፣ ከነዳጅ ማደያ የሚሸጠውን የተጣራ የባትሪ ውሃ እንድጠቀም መከረችኝ። ባለባትላሜራው ከሥሯ ተከትሎ አንድ ነገር ብቻ አከለ፤ ሻጩን የባትሪ ውሃ ብዬ ስጠይቀው አሲድ እንዳይሰጠኝ ጀሪካኑን እንዳነብ፤ ብዙ ሰው ሁለቱንም በአንድ ስም ይጠራልና። ይህም 23ኛው መልስ ሆነ።

አሁን ያለበትን ላሳውቃችሁ። የድሮውን ቀለም በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት ፈቅፍቄ፣ ክፍሎቹን በሳሙና አጥቤ፣ ማጠንከሪያ ያለውን ስቱኮ በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት እየወጋሁ መጋጠሚያውን ሞላሁት፤ ሦስት ቀን አቆየሁትና አሸሁት። በኩራዝ ብርሃን አግድሜ ሳየው መስመሩ ጠፍቷል። ግራጫ ፕራይመር ከቀባሁት በኋላ ነጩን በሦስት ሌሊቶች፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ በየሌሊቱ ሁለት ሁለት ስስ ቅብ አሳረፍኩበት። የመጀመሪያው ሌሊት ግራጫው እንዳለ ስለሚታይ ልብ ያስጨንቃል፤ ያን ጊዜ የጁገሏን ግድግዳ አስታውሼ እጄን ሰበሰብኩ። በአምስተኛው ቅብ ግራጫው ከጠርዞቹ ላይ እንኳ ጠፋ፤ ስድስተኛው ምናልባት አላስፈለገም ነበር። ጣት ሲያልፍበት አይሻክርም። ሁለተኛው ፕሮፔለር ከፖስታው ወጥቶ ቦታውን ይዟል። ሦስቱን መስኮቶች በሱፐር ግሉ ባጣብቃቸው ጢሱ ብርጭቆውን ነጭ ስለሚያደርገው በአናጢ ኮላ አሳርፌያቸዋለሁ፤ ኮላው ሲገባ ወተት ነበር፣ ጠዋት ጠርቶ ጠበቀኝ። የቀሩት ተለጣፊዎቹ ናቸው። ከማደያው የገዛሁት ጀሪካን ላይ ያለው ጽሑፍ ስለተፋቀ፣ አንድ ጠብታ ሲሚንቶ ወለል ላይ ጣል አድርጌ ይፈላ አይፈላ እንደሆነ አየሁ፤ አልፈላም።